ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን

በፈረንጆች 2023 በዳላስ ከተማ አስተዳደር ላይ የደረሰውን ታስታውሱ ይሆናል። «ሮያል» የተባለው የዘራፊዎች ቡድን ኤፕሪል 7 በተሰረቀ የይለፍ ቃል ገባ። ፋይሎቹን መቆለፍ የጀመረው ግን ሜይ 3 ነበር። በመካከሉ ሳይያዝ መረጃ ሲያግዝ ሰነበተ። የከተማው ፍርድ ቤት ለሳምንታት ተዘጋ፤ ምክር ቤቱም 8.5 ሚሊዮን ዶላር ለማጽደቅ ተገደደ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ዛሬ የእድሩ መዝገብም የአባላቱ መዋጮም ኮምፒዩተር ላይ ነው። አንድ ሰው ገብቶ አንዲት ቁጥር ቢለውጥ በምን እናውቃለን?

መላው አዲስ አይደለም። በ1992 ጂን ኪምና ጂን ስፓፎርድ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ «ትሪፕዋየር» የተሰኘ ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙ ከየፋይሉ እንደ ጣት አሻራ ያለ አጭር ምልክት ያወጣል። አንዲት ፊደል ከተነካች አሻራው ሌላ ይሆናል። ሥራው አዲሱን አሻራ በየጊዜው ከቀድሞው ጋር ማስተያየት ነው። ዛሬ በነጻ የሚገኙ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች አሉ።

በእኔ አስተያየት የቀድሞው አሻራ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ መቀመጥ የለበትም፤ መዝገቡን የለወጠ ሌባ አሻራውንም ይለውጠዋልና። መዝገቡን አንዱ ይያዝ፣ አሻራውን ሌላው። በእድር ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ የሚለያዩት ለዚሁ አይደል?

እርግጥ ይህ ሌባውን ከበር አይመልስም፤ በዳላስ እንደሆነው መረጃ ቀድቶ የሄደውንም አይናገርም። የነካካውን ግን ያጋልጣል።

እንግዲህ በመጪው ስብሰባ ኮሚቴያችሁን ጠይቁ፦ «መዝገባችን አለመነካቱን የሚያረጋግጠው ማን ነው? በምንስ?»