ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ የውኃው ታንከርም ይዘጋ

ሰኔ ሲጋመስ፥ የመካነ ሰላም ሰማይ በደመና ሲጠቁር፥ መምህራን ፈተናውን አርመው ውጤቱን ሞልተው ለዕረፍት ይሰናዳሉ። መዛግብት በሣጥን ይቈለፋሉ፤ ወንበሮች ይቈጠራሉ፤ ቍልፍ በርክክብ ወረቀት ይሰጣል። በግቢው ማዕዘን የቆመው የውኃ ታንከር ግን በዚያ ወረቀት ላይ ስሙ እምብዛም አይገኝም። ግማሽ ውኃ እንደ ያዘ፥ ክዳኑ እንደ ተከፈተ፥ ሁለት ወር ሙሉ ተረስቶ ይከርማል። በመስከረም ተማሪው ተመልሶ ቧንቧውን ሲከፍት የሚወርደው ውኃ መልኩ አረንጓዴ፥ ሽታውም የረግረግ ሽታ ይሆናል። ስለዚህ አሳባችን አንድ ነው፤ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ታንከሩም በሥርዐት ይዘጋ፤ ይህም በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ያ አረንጓዴ ነገር አልጌ፥ በሳይንስ አማርኛም ዋቅላሚ ይባላል። እንደ ሣርና እንደ ገብስ ሁሉ በብርሃን ኃይል የሚያድግ ሲሆን ብዙው በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነው። ለመራባት ውኃ፥ ብርሃን፥ ጥቂት ሙቀትና ምግብ ይበቃዋል። ምግቡም ዝናቡ ከጣሪያ አጥቦ የሚያወርደው የወፍ ኵስ፥ ቅጠልና አፈር ነው። መካነ ሰላም 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች፥ ብርዱ የአልጌውን ዕድገት ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም።

«አረንጓዴ ቢሆንስ ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እርግጥ አብዛኛው አልጌ ራሱ በሽታ አያመጣም። ነገር ግን እንዲህ ባለው ውኃ ላይ ክሎሪን ሲጨመር፥ ክሎሪኑ ጀርሞችን ከመግደሉ በፊት በአልጌውና በዝቃጩ ላይ ኃይሉን ይጨርሳል። መድኃኒት ጨምሬአለሁ ብሎ የተማመነ ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹን ለተቅማጥ አጋልጦ ይሰጣል። ከዚህም በላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ከሚባሉት ወገኖች አንዳንዶቹ መርዝ ያመነጫሉ፤ ይህንንም መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። እንዲህ ያለው ወገን በቆቃ ሐይቅ በብዛት መገኘቱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የትምህርት ቤት ታንከር እንደ ቆቃ ሐይቅ ባይሆንም፥ መርዘኛውን ከሌላው በዓይን ብቻ መለየት የሚችል ሰው ስለሌለ አረንጓዴ ውኃ ለሕፃን አይሰጥም።

መከላከያው ከሩቅም ከቅርብም ይታወቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሰዎች፥ ብርዱ ሲገባ ገንዳውን አጽድተው፥ መድኃኒት ጨምረው፥ ብርሃን በማያሳልፍ ሸራ ሸፍነው ይዘጉታል። በሀገራችን ደግሞ በጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው መዋኛ አለ። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ ከበዓሉ በኋላ ውኃው ተለቅቆ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ከሁለቱ የምንማረው፥ አንድ የውኃ መያዣ ወይ ሙሉና ጨለማ፥ ወይ ባዶና ደረቅ ሊሆን እንደሚገባ ነው። ጥፋቱ ያለው በመካከለኛው፥ ማለት በግማሽ ውኃና በክፍት ክዳን ላይ ነው።

በቧንቧ ወይም ከምንጭ በሚሳብ ውኃ የሚሞላ ታንከር በሰኔ መጨረሻ ውኃው ይለቀቅ፤ ግድግዳውና ወለሉ በብሩሽ ይፈተግ፤ ታጥቦ ሲደርቅ ክዳኑ ይከደን። ባዶ ሮቶ በነፋስ እንዳይወድቅ በገመድ ይታሰር።

በዝናብ የሚሞላው ታንከር ግን ለበጋ ስንቅ ስለሚሆን ባዶውን አይከርምም። ይህኛው ከተፈተገና ከታጠበ በኋላ ውኃ ተሞልቶ፥ 5 በመቶ የክሎሪን ኃይል ያለውና ሽቶ ያልገባበት በረኪና ለ1000 ሊትር ውኃ 1 ሊትር ይጨመርበት። 24 ሰዓት ቆይቶም ያ ውኃ በሙሉ ይደፋ፤ ታንከሩም በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። አሸንዳው ይጠረግ፤ ጣሪያውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው በወንፊት ተጣርቶ ይግባ። ክዳኑ ይገጠም፤ የትርፍ ውኃ መውጫውም ትንኝ በማያሳልፍ ወንፊት ይሸፈን። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ የሆነ ታንከር በጥቁር ሸራ ይሸፈን ወይም ጣሪያ ይሠራለት። ወደ ሲሚንቶ ታንከር ለማጽዳት የሚገባ ሰው ብቻውን አይግባ፤ በረኪና ከተጨመረ በኋላ ግን ማንም አይግባ።

ይህን ቸል ብሎ በመስከረም አረንጓዴ ውኃ ያገኘ ሰው፥ በላዩ በረኪና በመጨመር ጥፋቱን ለመሸፈን አይሞክር። ውኃው ይደፋ፤ ታንከሩ ከላይ በተጻፈው ሥርዐት ይታጠብ። አዲስ ለተሞላው የመጠጥ ውኃ የሚጨመረው መድኃኒት በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን ብቻ ይሁን።

የሳይንስ መምህራን ይህን ነገር ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ሁለት የመስታወት ጠርሙሶች ከአንድ ኩሬ በተቀዳ ውኃ ይሙሉ፤ አንደኛውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለው ሁለቱንም ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት ላይ ያኑሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያልተሸፈነው ሲያረነጕድ የተሸፈነው እንደ ነበረ ይቆያል። ይህን ያየ ልጅ ቤቱ ሲገባ በደጅ ፀሐይ ላይ የተቀመጠውን ጀሪካን አንሥቶ ወደ ጥላ ያስገባል፤ የመምህሩም ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ አልፎ ከእናቱ ጓዳ ይደርሳል።

«በጀት የለንም፤ ሥራው የጥበቃው ነው» የሚል ምክንያት እንደሚቀርብ እናውቃለን። ነገር ግን ሥራው የሚጠይቀው አንድ ብሩሽ፥ ጥቂት በረኪናና የጥቂት ሰዎች ጕልበት ነው። ኀላፊነቱም ቍልፉን ለሚይዝ ሰው ብቻ የሚጣል አይደለም፤ ርእሰ መምህሩ ሊያዝዝ፥ የወላጆች ኮሚቴም ሊከታተል ይገባዋል። ወንበር ቢሰበር ይጠገናል፤ መጽሐፍ ቢጠፋ ይተካል፤ በመጥፎ ውኃ የተጎዳ ሕፃን ጤና ግን እንደ ዕቃ አይተካም። ስለዚህ ዘንድሮ የርክክቡን ወረቀት ስትፈርሙ፥ ከወንበሩና ከመጽሐፉ ቍጥር በታች አንድ መስመር ጨምሩ፤ «ታንከሩ ታጥቦ ተዘግቷል» ብላችሁም በእውነት ጻፉ።