ከአሜሪካ ሪዘርቭ ጦር ኮንትራት ሳይጨርሱ የወጡ መመለስ ይችላሉ? መልሱ ወረቀታቸው ላይ ነው

ፕሬዝዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2025 አንድ ትእዛዝ ፈርመዋል። የኮቪድ ክትባት አንወስድም በማለታቸው ብቻ ከጦሩ የተሰናበቱ ወታደሮች ከፈለጉ በማዕረጋቸው ይመለሱ፣ ያለፈው ደመወዛቸውም ይታሰብላቸው የሚል ነው። በዚህ ምክንያት የተሰናበቱት ከ8,000 በላይ ናቸው።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው የትእዛዙ ክፍል ግን ሌላ ነው። ክትባቱን ሽሽት በገዛ ፈቃዳቸው የለቀቁ ወይም ኮንትራታቸውን ሳያድሱ የቀሩ ሰዎችም ይህንኑ በጽሑፍና በመሐላ ካረጋገጡ ማዕረጋቸው ሳይነካ መመለስ ይችላሉ ይላል።

ታዲያ በክትባት ሳይሆን በኑሮ ምክንያት የወጣውስ? የሌሊት ሥራ፣ ኮሌጅ፣ የልጅ ጉዳይ አላስችል ብሎት በመሃል የቀረው ልጅ ምን ይሁን? ለእሱ የወጣ ትእዛዝ የለም። መንገድ ግን አለው። ዛሬ የምናየው ይህንን መንገድ ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካል። አሜሪካ ውስጥ በሪዘርቭና በናሽናል ጋርድ የሚያገለግሉ የሀገር ልጆች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 ጦሩ ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም የውጭ ዜጎችን በቋንቋቸው ሲመለምል አማርኛ ከተፈላጊ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ግሪን ካርድ ያለውም በቀጥታ መመዝገብ ይችላል። ቶሎ ዜግነት ማግኘትና የትምህርት ድጋፍ ዋና ማባበያዎቹ ናቸው።

ሲፈርሙ ቀላል ይመስላል። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ። ግዴታው ግን በጠቅላላው 8 ዓመት ነው። የተለመደው ውል 6 ዓመት ከክፍል ጋር ድሪል መሥራት፣ ቀሪውን 2 ዓመት ደግሞ አይ አር አር በሚባለው መዝገብ ውስጥ መቆየት ነው። አይ አር አር ውስጥ ያለ ሰው ወርሃዊ ድሪል የለበትም፣ ደመወዝም የለውም፤ ከተጠራ ግን ይሄዳል።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። አንድ የድሪል ቅዳሜና እሁድ እንደ አንድ ቀሪ አይቆጠርም። አብዛኛውን ጊዜ አራት የሥልጠና ክፍለ ጊዜ ነው። በጦሩ ደንብ በ12 ወር ውስጥ ያለፈቃድ 9 ክፍለ ጊዜ የቀረ ሰው «ተሳትፎው አጥጋቢ ያልሆነ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ከቀራችሁ 8 ሞላ ማለት ነው። በሦስተኛው ግማሽ ቀን ብቻ ብትቀሩ 9 ሆነ። «ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የቀረሁት» የሚል ልጅ ራሱን ጥፋተኛ ባያደርግም መዝገቡ ግን ሌላ ይላል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ፖሊስ በር አያንኳኳም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤ ወደ አሮጌው አድራሻ ይሄዳል፣ ልጁ ቤት ቀይሯል፣ ስልኩንም ቀይሯል፣ ዝም ሲባል ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ክፍሉ ግን በሌለበት የስንብት ሂደት ይጀምራል።

ስንብት ሁሉ አንድ አይደለም። በክብር የሚሰጥ አለ፤ «አጠቃላይ» የሚባል ከእሱ ዝቅ ያለ አለ፤ «ከክብር ውጪ በሆነ ሁኔታ» የሚባልም አለ። በቀሪ ብዛት የሚሰናበት ሪዘርቭ የሚያሰጋው ይህ የመጨረሻው ነው።

ለኛ ልጆች ትልቁ ጣጣ ደግሞ ይሄ ነው። በጦር አገልግሎት ምክንያት ዜግነት ያገኘ ሰው በጠቅላላው 5 ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ውጪ ከተሰናበተ፣ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዜግነቱ ሊነጠቅ ይችላል። በራሱ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ሕጋዊ ሂደት አለው። ግን ሕጉ ላይ ተጽፏል። የድሪል ቀሪ ፓስፖርት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ሲፈርም ስንቱ ልብ ብሎታል?

በዚህ ላይ ገንዘብ አለ። የመመዝገቢያ ቦነስ የወሰደ ሰው ውሉን ካልጨረሰ ያላገለገለበትን ድርሻ እንዲመልስ ይጠየቃል። በ6 ዓመት ውል የሚሰጠው የሪዘርቭ ትምህርት ድጋፍም ይቆማል።

መመለስ ይቻላል ወይ? ሦስት ዓይነት ሰው አለ።

አንደኛው ወደ አይ አር አር የተዛወረው ነው። ይሄ ሰው ገና አልወጣም። ክፍት ቦታ ያለው ክፍል ካገኘ በሪዘርቭ የሙያ አማካሪ በኩል በዝውውር መመለስ ይችላል። ከሁሉም የሱ መንገድ ይቀላል።

ሁለተኛው በክብር ወይም በአጠቃላይ ስንብት የወጣው ነው። የሱን ዕድል የሚወስነው የዳግም ምዝገባ ኮዱ ነው። 1 ከሆነ ብቁ ነው። 3 ከሆነ ዌቨር፣ ማለትም ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። 4 ከሆነ በሩ ተዘግቷል።

ሦስተኛው ከክብር ውጪ የተሰናበተው ነው። እሱ መጀመሪያ ስንብቱን ማስቀየር አለበት። እስከ 15 ዓመት ድረስ በዲዲ 293 ፎርም ለስንብት ገምጋሚ ቦርድ ማመልከት ይቻላል። በመዝገብ ላይ ስህተት አለ ለሚል ደግሞ ዲዲ 149 የሚባል ፎርም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እንንገራችሁ። ከመጀመሪያው ሥልጠና በኋላ የተሰጣችሁ ዲዲ 214 ጥሩ ስለሆነ ብቻ ነጻ ነን አትበሉ። ያ ወረቀት የሚናገረው ስለ ሥልጠናው ጊዜ ነው። በኋላ እንዴት እንደወጣችሁ የሚናገረው የስንብት ትእዛዛችሁ ነው፤ ናሽናል ጋርድ ከነበራችሁ ደግሞ ኤን ጂ ቢ 22 የሚባለው ፎርም።

ሌላው፣ የበሩ ስፋት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። መደበኛው ምድር ጦር እ.ኤ.አ. በ2022 60,000 ሰው ፈልጎ 15,000 ያህል ጎድሎበት ነበር። በ2025 ግን 61,000 የነበረውን ዕቅድ ዓመቱ ሳያልቅ በጁን ወር ሞላ። ሰው ሲጠፋ ዌቨር በቀላሉ ይገኛል፣ ኮታ ሲሞላ ደግሞ ወረፋው ይረዝማል። የዛሬ ሦስት ዓመት ጓደኛችሁ ስለተመለሰ ብቻ እናንተም ትመለሳላችሁ ማለት አይደለም።

እንደኛ እይታ ትእዛዙ አንድ ነገር ያሳያል። በሩን የሚከፍተው ደንብ ብቻ አይደለም፣ ፖለቲካም ይከፍተዋል። ክትባት እምቢ ያለው ድምፅ የሚሆነው ፖለቲከኛ አገኘ። መኪና አጥቶ ወይም የሌሊት ሥራ ይዞት ድሪል የቀረው ልጅ ግን ብቻውን ፎርም ይሞላል። የሚገርመው፣ በሩ ተከፍቶላቸውም ክትባቱ ግዴታ መሆኑ ከቀረበት ከ2023 እስከ ትእዛዙ ድረስ የተመለሱት ከመቶ ብዙም አይዘሉም ነበር። ሰው አንዴ ሕይወቱን ሌላ ቦታ ከገነባ ትእዛዝ ብቻውን አይመልሰውም።

ስለዚህ ገና ውስጥ ሆናችሁ «በቃኝ» ለምትሉ፣ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። አዛዣችሁን አነጋግሩ፣ ወደሚቀርባችሁ ክፍል ወይም ወደ አይ አር አር ዝውውር ጠይቁ፣ አድራሻ ስትቀይሩ አሳውቁ። ችግሩ አሠሪያችሁ ከሆነ እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ሕግ ለድሪል ስትሄዱ ከሥራ እንዳያባርራችሁ ይጠብቃችኋል። ኡበር የምትነዱ ግን ይህ ሕግ ለተቀጣሪ እንጂ በግል ለሚሠራ እንዳልሆነ እወቁ።

ወጥታችሁ መመለስ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ሪክሩተር ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የስንብት ወረቀታችሁን አስወጥታችሁ አንብቡ። «አላገለገልኩም ብለህ እንደ አዲስ ግባ» የሚላችሁን አትስሙ፤ መዝገቡ ይገኛል፣ ዋሽቶ መመዝገብም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ዜግነታችሁን በጦሩ በኩል ያገኛችሁ ከሆነ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ድሪል መሄድ ያቆመ ጓደኛ ካላችሁ ይህንን ላኩለት። ደብዳቤው አሮጌው ቤት ደርሶ ሊሆን ይችላል።