ሽቅብ ብቻ የሚፈስ ቁጥር

ውሃ ሽቅብ አይፈስም፤ የጤና መረጃችን ግን ቁልቁል ሲወርድ አይቼው አላውቅም። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም ወደ ሚኒስቴር። ላይ ሲደርስ ባለቀለም ግራፍ ይሆናል። በእግሯ ቤት ለቤት ዞራ የቆጠረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ያንን ግራፍ አታየውም። የሚመለስላት ነገር ቢኖር «ሪፖርትሽ ዘግይቷል» የሚል ስልክ ነው።

ይህን የምለው ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም። ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ጥሩ ሶፍትዌር ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ጠቤ ከሳጥኑ ጋር ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥ ከሚገባው ነገር ጋር ነው።

በ2008 ዓ.ም. የመንግሥት ሪፖርት የፔንታ ሦስተኛ ዙር ክትባት ከ90 በመቶ በላይ ለሚሆኑ ሕፃናት ደርሷል ይል ነበር። በዚያው ዓመት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂዎች በየቤቱ ገብተው እናቶችን ጠየቁ፣ የክትባት ካርድ አዩ። ያገኙት 53 በመቶ ነው። መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የጨረሱት ደግሞ 39 በመቶ ብቻ። ታዲያ በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያሉት ሕፃናት የማን ልጆች ናቸው? ከፊሉ ጥፋት የስሌት ነው፤ የየቀበሌው ሕዝብ የሚገመተው ዛሬም ድረስ ከ1999ኙ ቆጠራ ተነስቶ ነውና አልክድም። ቀሪውን ግን ወረዳ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሪፖርት እኛ ዘንድ መረጃ ብቻ ሳይሆን ፈተናም ነው። ከእቅድ በታች የሆነ ቀይ ይቀባል፣ ቀይ የተቀባ በግምገማ ላይ ይነሳል፣ የተነሳ ደግሞ እንዴት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። እስቲ እንዲህ ባለ ቤት 53 ብሎ የሚጽፍ ማን ነው?

ታብሌት ይህን አይፈውስም። የተጋነነውን ቁጥር በፍጥነት ያደርሰዋል እንጂ። እንዲያውም እኔ ባየኋቸው ጤና ኬላዎች ታብሌቱ መጣ፣ መዝገቡ ግን አልሄደም። ሠራተኛዋ የቤተሰብ ፎልደሩን ትሞላለች፣ ታሊውን ትሞላለች፣ ማታ ደግሞ መብራት ካለ ያንኑ ታብሌት ላይ ትደግመዋለች። ከእጅ አይሻል ዶማ! ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሦስት ጊዜ የሚጻፍበት ሰዓት ከሌላዋ ነፍሰ ጡር የክትትል ሰዓት የተቆረጠ ነው።

የምስጢሩስ ነገር? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መሃል አስቀምጦታል፤ ተቆጣጣሪውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው። እኔ ግን የይለፍ ቃሉ ከስክሪኑ ጎን በፕላስተር ተለጥፎ ያየሁበት ቢሮ አለ፤ አምስት ሰው በአንድ ስም ይገባል። ድሮ የኤች.አይ.ቪ. ውጤትሽን ለማየት ካርድ ክፍል መግባት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ወንበር ስቦ መቀመጥ ይበቃል። ፋይሏን ማን እንደከፈተው አንዲት ታካሚ ብትጠይቅ ማን ይመልስላታል? እኔ መስኮቱን አላገኘሁትም።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ሁላችንም ስለ መድኃኒት አወራን፤ ተገቢም ነው። ብዙ ያልተወራው ግን ያ 53 በመቶን ያወጣው ጥናት የሚደገፍበት ፕሮግራምም በዚያው ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ሪፖርታችንን የሚያጋልጠውን መስተዋት የገዛልን ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። ጥሎ ሲሄድ የቀረን ራሳችን ስለ ራሳችን የምንጽፈው ቁጥር ብቻ ሊሆን ነው፣ ያውም በዲጂታል።

ስለዚህ የሚቀጥለው የታብሌት ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የቤት ለቤት ጥናቱ በራሳችን በጀት ይያዝ፣ ውጤቱም ከሪፖርቱ ጎን ለጎን በየወረዳው ይለጠፍ። ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ወረዳ ክትባትና ሰው ይላክለት እንጂ ግምገማ አይላክለት። ታብሌት የገባበት ጤና ኬላ ደግሞ መዝገቡ በዚያው ሳምንት ይነሳ፤ ማንሳት ካልተቻለ ታብሌቱ ይመለስ።