ደብዳቤው የት ደረሰ?

የማውቃት አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ደብዳቤ ጻፈች። አንድ ገጽ ተኩል ናት፤ ሦስት ሌሊት ፈጅታባታለች። የጠየቀችው ብዙ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ከቤቴ ልሥራ፣ ሁለቱን ቀን ቢሮ እገባለሁ ነው ያለችው። የሐኪም ማስረጃም አያይዛለች። ማስረጃው ድባቴና ከባድ ጭንቀት እንዳለባት፣ ሕክምና እየተከታተለች መሆኗን፣ የሥራ ሁኔታዋ ለጊዜው ቢስተካከልላት እንደሚረዳት ይናገራል። መዝገብ ቤት ወስዳ ሰጠች። ገቢ ተደረገ፣ ቁጥር ወጣለት፣ ማኅተም ተመታበት።

ከዚያስ?

ከዚያማ ደብዳቤው ይዞር ጀመር። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አነበበችው። ጸሐፊዋ አነበበችው። የቅርብ ኃላፊው ጠርዙ ላይ «ለሰው ሀብት፣ አስተያየታችሁ» ብሎ መራው። ሰው ሀብት «ያልተለመደ ስለሆነ ለበላይ ኃላፊ ውሳኔ» ብሎ ወደ ላይ መለሰው። ወር ሳይሞላ የሂሳብ ሠራተኛዋ ሻይ ክበብ ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። በቢሮው ደብዳቤውን ያላነበበ አንድ ሰው ብቻ የቀረ ይመስላል፤ መልስ መስጠት ያለበት ሰው።

እንግዲህ እንጠይቅ። ስም አንጠራም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ራሱን ያውቃል።

የአንድ ሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ በስንት እጅ ማለፍ አለበት? የሕመሙ ስም ለጸሐፊዋ ምን ይፈይድላታል? ለመወሰን የሚያስፈልጋችሁ ሠራተኛዋ ምን እንደከበዳትና ምን ቢደረግላት እንደምትሠራ ማወቅ አይደለም? ማስረጃውን በታሸገ ፖስታ ለአንድ ኃላፊ ብቻ ማድረስ ስንት ብር ያስወጣል? የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በከተማችን አፍ እንደ መሳለቂያ እንደሚነሳ የማያውቅ ኃላፊ አለ? ካወቀ፣ የሆስፒታሉ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ በክፍት ፋይል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ለምን ዝም አለ?

«አልተለመደም» የተባለውስ ከመቼ ወዲህ ነው? መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር በርካታ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ተወሰነ። ባንኩም፣ ድርጅቱም፣ ማኅበሩም የቻለውን ያህል ተከተለ። ያኔ «አሠራራችን አይፈቅድም» ያለ ማን ነበር? ደመወዝ ሳይሠራ ቀረ? ሪፖርት ሳይላክ ቀረ? ስብሰባውስ በስልክና በኮምፒውተር አልተካሄደም? ለሳንባ ሕመም በቀናት ውስጥ የተገኘ መላ ለአእምሮ ሕመም ሲጠየቅ ከየት ጠፋ?

«ሕጉ አይልም» የሚሉም አሉ። የትኛው ሕግ? የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ 17 ዓመት አልፎታል። አሠሪው ለሠራተኛው ማመቻቸት አለበት ይላል። ማመቻቸት ሲልም የሥራ መሣሪያን ብቻ አይደለም፤ የሥራ ሰዓትን፣ የሥራውን ጠባይና የሥራ አካባቢን ጭምር ይጨምራል። አሠሪ «አልችልም» ማለት የሚችለው ሸክሙ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነው። ለሂሳብ ሠራተኛ አንድ ላፕቶፕና የኢንተርኔት መስመር ከአቅም በላይ ነው? ከሆነ፣ ስሌቱ የት አለ? ማን አሰላው?

«እሷ እኮ አካል ጉዳተኛ አይደለችም» ይባላል። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ተባብሯቸዋል። ቃሉ «አካል» ስለሚል ዓይናችን ክራንችና ነጭ በትር ይፈልጋል። የአዋጁን ትርጓሜ ገልጣችሁ አይታችሁታል? የአእምሮ ጉዳት እዚያው ተጽፏል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም እንዲሁ ይላል። የእያንዳንዱ ሰው ሕመም ትርጓሜውን ያሟላል ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ታዲያ ጠየቃችሁ? ሐኪሙን አነጋገራችሁ? ወይስ በሁለት እግሯ ቆማ ስላያችኋት ጉዳዩ ተዘጋ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁስ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሠራተኛ በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ሌላ ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር የሚሠራበትን ውል ያውቃል። ያ ውል ለእሷ ዓይነቱ ቅጥር ልክ ላይሆን ይችላል። ግን ቤት የሥራ ቦታ ሊሆን እንደሚችል ሕጉ ካወቀ ቆይቷል። እናንተ መቼ ነው የምታውቁት?

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ሌላው ባይሰማ ገንዘብ ይሰማልና። በዚሁ አዋጅ የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ሠራተኛዋ ግን ፈቃድ አልጠየቀችም። ልሥራ ነው ያለችው! መልስ አጥታ ብትወድቅ ምንም ሳትሠራ የወር ሙሉ ደመወዝ ትከፍሏታላችሁ፤ ከዚያም ግማሹን። ከቤት ብትሠራ ለሠራችው ትከፍላላችሁ። የትኛው ይረክሳል? እሷ ጥላችሁ ብትሄድ ሌላ ሰው መቅጠርና ማሠልጠን ስንት ያስወጣል? የዓለም ጤና ድርጅት በድባቴና በጭንቀት ሳቢያ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን ይገምታል። ከዚያ ውስጥ የእናንተ ቢሮ ድርሻ ስንት ነው? ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

«ቤቷ ሆና ሥራውን ብትተወውስ?» ይህ ጥያቄ ክፋት የለውም፤ መልስም አለው። ቢሮ ተቀምጦ ሥራ የሚተው የለም? ጠዋት የአሻራ ማሽን ላይ ያረፈ ጣት ቀኑን ሙሉ እንደሠራ በምን ታወቀ? ወርሃዊ ሂሳብ የሚዘጋበት ቀን የታወቀ ነው። ተዘጋ ወይስ አልተዘጋም? ልክ ነው ወይስ ስህተት አለው? ሥራ የሚለካው በዚህ ከሆነ ወንበሩ ለምን ተለካ? «ቤት ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል» ያላችሁም እውነታችሁን ነው። ግን ባለጉዳይ ቢሮ መጥቶ በመስኮት በኩል «ሲስተም የለም» የሚባለው ከየት ሆናችሁ ነው?

በፍትሕ እንነጋገር። ሁሉም ሥራ ቤት አይሄድም። ጥበቃው በሩን፣ ሾፌሩ መኪናውን፣ ገንዘብ ከፋዩ መስኮቱን ይዞ ቤቱ አይገባም። ሕመሙም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብቸኝነት የሚያባብስበት ሰው አለ። ለእሱ መፍትሔው ምናልባት ከጠዋቱ የትራንስፖርት ሰልፍና ግፊያ በኋላ አርፍዶ መግባት ይሆናል፤ ምናልባትም ጸጥ ያለ ክፍል። ይህ ሁሉ ግን ጥያቄን አይዘጋም፤ እንዲያውም ሰውየውን አስቀምጦ መጠየቅን ግድ ይላል። ለሦስት ወር ሞክሮ ማየትን፣ ካልሠራ መተውን ማን ከለከለ?

ባለፈው ዓመት የቢሮው ሰዎች የሐሞት ጠጠር ያስወጣ ባልደረባቸውን ሊጠይቁ መዋጮ ሰበሰቡ። ብርቱካንና ሙዝ ገዙ፤ ኃላፊውም በቢሮው መኪና አብሮ ሄደ። መልካም ነው፣ ወጋችን ነው። እሷን ማን ጠየቃት? መዋጮው ቢቀር «እንዴት አደርሽ?» ያላት ማን ነው? ሕመሟን በሆዷ ይዛ ብትቀመጥ «ለምን አልነገርሽንም?» ትሏታላችሁ። ይኸው ነገረቻችሁ። በደብዳቤ፣ በቁጥር፣ በማኅተም ነገረቻችሁ። ምን አተረፈች?

መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከበረው የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን መሪ ቃሉ በሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ቅድሚያ ይሰጠው የሚል ነበር። ንግግር ተደርጓል፣ ፎቶ ተነስቷል። ከዚያ ወዲህ በእናንተ ቢሮ የተለወጠ አንድ ነገር መጥቀስ ትችላላችሁ? ማመቻቸት ሲጠየቅ ማን እንደሚቀበል፣ ማን እንደሚያነብ፣ በስንት ቀን እንደሚመለስ የሚናገር አንዲት ገጽ መመሪያ አላችሁ? ቸል ያለስ ምን ይደርስበታል? አዋጅ 568 የጣለው ቅጣት ከ2 ሺህ ብር እስከ 5 ሺህ ብር ነው። ዛሬ በዚያ ገንዘብ የኃላፊው ወንበር ይገዛል? ቅጣቱን ያወጣችሁ፣ ይህን ያህል ዓመት ሳታዩት የቆያችሁት ማንን ያስፈራል ብላችሁ ነው?

እሺ በሉ ብሎ የሚያስገድድ የለም። እምቢም መልስ ነው። «አይቻልም» በሉ፤ ምክንያቱን ጻፉ፤ ፈርሙበት። የተጻፈ እምቢታ ይግባኝ ይባልበታል፣ ፍርድ ቤት ይዞት ይኬዳል። ዝምታን ይዞ ወዴት ይኬዳል? ወይስ ዝምታው የተመረጠው ለዚሁ ነው?

መዝገብ ቤት ያለው ባሕር መዝገብ ላይ በደብዳቤዋ ቁጥር ፊት ለፊት ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ ደብዳቤው የገባበት ቀን ነው፤ ተሞልቷል። ሁለተኛው ምላሽ የወጣበት ቀን ነው። እሱን ለመሙላት የማን እጅ እየተጠበቀ ነው?