በዝምታ የሚናገር ሲኒማ

ሲኒማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጩኸትን፥ ሩጫንና ጠብን ነው። ነገር ግን ንግግሩ ጥቂት፥ አካሄዱ ዝግ ያለ፥ ኀዘኑንና ደስታውን ከቃል ይልቅ በሥዕል የሚገልጥ ፊልምም አለ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ «ምንም ነገር የለበትም» እየተባለ ይናቃል። ሆኖም ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ትምህርት ታላቅ ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ስለ እርሱ ጥቂት እንናገራለን።

ለምሳሌ የሚሆነን ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ዳንግሌ» የተባለው ፊልም ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በተደረገው የፊልም በዓል ታይቷል፤ ለዚያ በዓል በይፋ በመመረጥም ከኢትዮጵያ ፊልሞች የመጀመሪያው ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ ልጅ፥ አገሩን ድርቅ ስለ መታው፥ አባቱ ከዘመድ ቤት አድርሶት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ከበጉ ከቹኒ በቀር ጓደኛ የለውም። አጎቱ ግን በጉን ለበዓል ለማረድ ያስባል። ልጁ ወጥ መሥራት ቢወድም፥ አጎቱ የሚፈልገው ገበሬ እንዲሆን ነው።

ይህን ሁሉ ኀዘን ልጁ በብዙ ቃል አይተርከውም። ሰፊው ተራራና ትንሹ ልጅ በአንድነት ሲታዩ ብቸኝነቱ ይገባናል፤ በጉን ሲያቅፍ ስናይ የእናቱ ናፍቆት ይሰማናል። ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በዋሸራና በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ከሰሙ በታች ያለውን ወርቅ የሚያገኘው ታግሦ ሲመረምር ነውና።

ከዚህ በፊትም ኃይሌ ገሪማ በ1968 ዓ.ም. «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በጥቁርና ነጭ አሳይቷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ለባለ መሬት የሚደክመውን የገበሬ ቤተ ሰብ ኑሮም ሳይቸኩል ይከተላል። ተመልካቹም ረጅሙን የድካም ቀን ከገበሬው ጋር የዋለ ያህል ይሰማዋል።

የዚህ ትዕግሥት ጥቅም ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ወደ ቤታችን ይገባል። ሐና በቤተ መቅደስ ከንፈርዋ ብቻ እየተንቀሳቀሰ በጸለየች ጊዜ፥ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። በፊቱ የቆመችውን ሴት አየ፤ ኀዘንዋን ግን አላየም። የኤፍሬም አጎትም እንዲሁ ልጁን ተቀብሎ አስጠግቷል፤ ዝምታውን ግን አላነበበም። ለትምህርት ከየገጠሩ ወደ ደብረ ማርቆስ መጥተው በዘመድ ቤት የሚያድሩ ልጆች ብዙዎች ናቸው። ይበላሉ፥ ይለብሳሉ፥ ሲጠሩም «አቤት» ይላሉ። ዝም ያለውን ልጅ ግን አንዱ «ጨዋ ነው» ይለዋል፥ ሌላው «ኩራተኛ ነው» ይለዋል፤ ናፍቆት እንደ ያዘው የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ፊልም ሲገኝ አስቀድማችሁ ራሳችሁ መርምሩት፤ መልካም ሆኖ ካገኛችሁት ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ተመልከቱት። ሲፈጸምም «ምን ተደረገ?» ከማለት ይልቅ «ልብህን የነካህ የቱ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት ልጁ ስለ ኤፍሬም ሲመልስ ስለ ራሱ ይነግራችኋል። ዔሊ እንኳ የሐናን ኀዘን በሰማ ጊዜ ተግሣጹን ትቶ በሰላም ሂጂ ብሎ መርቋታል፤ እኛም ከመገሠጻችን በፊት እንድናስተውል አምላክ ይርዳን።