ስለ ክትባት ካርድና ስለ ተማሪ ቤት በር

የመስከረም ወር በቀረበ ቁጥር፣ በየካ አባዶ በጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል በሚገኙት መዋዕለ ሕፃናትና ተማሪ ቤቶች በር ላይ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ ለምዝገባ ይቆማሉ። ከሚጠየቁትም ወረቀቶች መካከል የልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ፤ በብዙም ስፍራ የክትባት ካርድ ይገኝበታል። ካርዱን ይዞ የመጣ ወላጅ ነገሩን ሳያስበው ያልፈዋል። ያልያዘው ግን የሚያገኘው መልስ ከበር ወደ በር ይለያያል፤ አንዱ «ኋላ አምጣ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሌላው ይመልሳል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይጠይቅም። የልጅ ጤና ያህል ነገር በመዝጋቢው ጠባይ ላይ ማረፉ የሚያሳስብ ነው።

የካ አባዶ ነገሩ በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ከእንጦጦ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ ቀድሞ እርሻ በነበረ መሬት ላይ የተሠራ ሰፈር ሲሆን፣ ነዋሪው በዕጣ ቤት ደርሶት ወይም ተከራይቶ ከልዩ ልዩ የከተማው ክፍል የመጣ ነው። በአራዳ ወይም በልደታ የተወለደ ልጅ የመጀመሪያውን ክትባት እዚያው ባለው ጤና ጣቢያ ወስዶ፣ ቀሪውን ሳይፈጽም ከወላጆቹ ጋር ዕቃ ተጭኖ ወደዚህ ሊመጣ ይችላል። ካርዱም በጉዞው መካከል ይጠፋል። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ብዙ ቤተ ሰቦች ባሉበት ሕንፃ ደግሞ፣ እንደ ኩፍኝ ያለ በትንፋሽ የሚተላለፍ ደዌ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ለመዝለቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ሐኪሞች እንደሚሉት፣ ክትባት በሌለበት ሕዝብ መካከል አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊለክፍ ይችላል፤ ስለዚህ ደዌውን ለማቆም ከመቶው 95 ያህሉ ሁለቱን ክትባት መውሰድ አለበት።

ክትባት ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሊቃውንቱ ግእዝ «ከተበ» ሲል ጻፈ ማለቱ ነው፤ ዐማርኛው ግን ቆዳን በስለት ጭሮ መድኃኒት ማግባትን በዚሁ ቃል ጠራው። ዘመናዊው መድኃኒት ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ ከፈንጣጣ ቁስል የተወሰደውን በጤነኛ ሰው ክንድ ላይ መክተብ በሰሜኑ አገር የታወቀ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የፈንጣጣ ክትባት ወደ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አልፎ በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ፈጽሞ ለማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ፤ ከታቢዎቹም በእግርና በበቅሎ ገደሉንና በረሃውን አቋርጠው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን የመጨረሻው የአገሪቱ ሕመምተኛ ተገኘ። ዛሬ ተማሪ ቤት በር ላይ የሚቆመው ልጅ ፈንጣጣ የሚባለውን በስም ብቻ ነው የሚያውቀው።

በ1972 ዓ.ም. በስድስት ደዌዎች ላይ የተጀመረው የሕፃናት ክትባት ሥራም እያደገ ሄዶ፣ የሳንባ ምችና የተቅማጥ መከላከያው በ2004 እና በ2006 ዓ.ም. ተጨመረበት፤ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ገባ። ነገር ግን መድኃኒቱ መኖሩና ለልጁ መድረሱ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ልጆች መሠረታዊዎቹን ክትባቶች ሁሉ የወሰዱት ከመቶ 43 ብቻ ነበሩ። በአዲስ አበባ ይኸው ቍጥር 83 ሲሆን፣ ሦስት ዓመት አስቀድሞ በ2008 ዓ.ም. ግን 89 ነበር። በከተማው መካከል ጤና ጣቢያ ሳይጠፋ ቍጥሩ ዝቅ ማለቱ፣ ችግሩ ርቀት ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ማስገደድ ይቻላልን የሚለው ጥያቄ በሕግ በኩል አዲስ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው የሐኪም ምርመራንና ሕክምናን እንቢ የማለት መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ ስለ ሕዝብ ጥቅም ክትባትን ግዴታ የሚያደርጉ ሕጎችና ደንቦች በዚህ መብት እንደማይሻሩ ወዲያው ጨምሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ሥራ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት ቀዳሚ እንዲሆን ያዛል። እንግዲህ መንገዱ አለ፤ የቀረው በምን ዓይነት ጥበብ እንደሚሄዱበት ነው።

በዚህም የሌሎች አገሮች ታሪክ ይጠቅማል። እንግሊዝ በ1853 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የፈንጣጣን ክትባት ግዴታ ብታደርግ፣ መቀጫው በድሆች ላይ ደጋግሞ ስለ ወደቀ በሌስተር ከተማ ብዙ ሕዝብ በተቃውሞ ወጣ፤ በ1898ም ኅሊናው የማይፈቅድለት ወላጅ ነጻ እንዲሆን ተፈቀደ። ዑጋንዳ በ2017 ባወጣችው ሕግ ወደ ሕፃናት ማቆያና ወደ መጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ቤት ለሚገባ ልጅ ካርድ እንዲታይ አዘዘች። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2021 የቼክን አገር አሠራር ተገቢ ነው ብሎ ፈረደ። ከሁሉ ይልቅ የሚታሰበው ግን የ2017ቱ የኢጣልያ ሕግ ነው፤ ከስድስት ዓመት በታች ያለው ያልተከተበ ልጅ ወደ ማቆያ አይገባም፤ ከስድስት ዓመት በላይ ያለው ግን ይማራል፤ የሚቀጣው ወላጁ ነው።

ልዩነቱ ምክንያት አለው። የኩፍኝ የመጀመሪያው ክትባት የሚሰጠው በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው በአሥራ አምስት ወር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ልጆች በሚያቋቁሙት ማቆያ ውስጥ፣ የአምስትና የስድስት ወር ጨቅላ ይገኛል። እርሱ ገና ክትባቱን ሊወስድ አይችልም፤ የሚጠብቀው በአጠገቡ የሚጫወቱት ታላላቆቹ መከተባቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ማቆያ የሚመራ ሹም ካርድ ሳያይ ልጅ ቢቀበል፣ ቸር የሆነ ይመስለዋል እንጂ የጨቅላውን እናት በድሏል። በተማሪ ቤት ግን ነገሩ ይለያል። በካርድ ማጣት ምክንያት የሰባት ዓመት ልጅ ቢመለስ፣ ክትባቱንም ትምህርቱንም አጥቶ በሕንፃው ሥር ሲውል ይታያል፤ ወላጁም ከመዝጋቢ መሸሽን ይማራል። መዝግቦ፣ ስሙን ለቅርቡ ጤና ጣቢያ አሳውቆ፣ ቀን ቈርጦ መከታተል ይሻላል። ካርዱ የጠፋበትም ቢሆን የኩፍኝን ክትባት ደግሞ ቢወስድ ጕዳት የለውም፤ እናቱን ስለ ጠፋው ወረቀት ከመውቀስ ይህን መንገር ይበልጣል።

ይሁን እንጂ የተማሪ ቤት በር ዘግይቶ የሚደረስበት በር ነው። በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ሕፃን መጀመሪያ በሰው ፊት የሚቀርበው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ትጠመቃለች። የስድስተኛው ሳምንት ክትባት 42ኛው ቀን ላይ ስለሚውል፣ የወንዱ ልጅ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን ይገኛል፤ ሴቷም በምትጠመቅበት ጊዜ የስድስተኛውንና የአሥረኛውን ሳምንት ክትባት ወስዳ መሆን ይገባታል። በየካ ሚካኤልም ሆነ በእንጦጦ ማርያም፣ የክርስትና ስም የሚጽፈው ካህን ወይም የነፍስ አባት ለእናቲቱ «ጤና ጣቢያ መቼ ትሄጃለሽ?» ብሎ አንድ ቃል ቢጠይቅ፣ ተማሪ ቤቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ከሚጠይቀው ይልቅ በጊዜው የዋለ ጥያቄ ይሆናል። ለዚህም የጤና ጣቢያው ሹማምንት የክትባቱን ቀኖች በአንድ ወረቀት ጽፈው ለየደብሩ አስተዳዳሪ ቢሰጡ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።