ፈረምን እንጂ መድኃኒቱን አልሰጠንም

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ዝም ማለት አልችልበትም። ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለኝ።

«ሳልቡታሞል 4 ፓፍ፣ ተሰጥቷል።» ሰዓት። ፊርማ። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ይህን ስንቴ ጽፈናል? ጥያቄዬ አንድ ነው፤ የሰጠነው ለማን ነው? ለበሽተኛው ወይስ ለፕላስቲኩ?

አስም ጠንቶበት ቬንትሌተር ላይ የነበረ አንድ ወጣት አይረሳኝም። ፓፉን ወንድሙ ነው ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ ያመጣው። 4 ፓፍ አከታትዬ ነፋሁ፣ ፈረምኩ። ደረቱ ግን ያው ያፏጫል፤ ግፊቱም አልወረደም። «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ተባለና ዶዙ ተጨመረ። እኔም ጨመርኩ። ያስተዋልኩት ሊነጋ ሲል ነው። የትንፋሹን እርጥበት የሚይዘው ኤችኤምኢ ፊልተር እንደተገጠመ ነው፤ እኔ ደግሞ ስነፋ ያደርኩት ከፊልተሩ ወዲህ፣ በማሽኑ በኩል ነው። ፊልተር ሥራው ማጣራት ነው፤ አጣራዋ! ወንድምየው ለፍቶ ያመጣው መድኃኒት እዚያው ቀረ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን የእኔ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ያንኑ አያለሁ።

«ዕቃ የለም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ቬንትሌተር ሲገባ ፎቶ ለመነሳት የሚሽቀዳደም አለቃ፣ ስፔሰር ይገዛ ሲባል ጆሮው አይሰማም። ያለ ስፔሰር ደግሞ ብዙው መድኃኒት ቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እዚህ ላይ አብሬያችሁ እጮኻለሁ።

ነገር ግን ፊልተሩን ለአፍታ ማውጣት ስንት ብር ያስወጣል? ፓፉን መነቅነቅስ? ማሽኑ አየር ማስገባት ሲጀምር ጠብቆ መንፋትስ? በየፓፉ መሃል ከ15 እስከ 30 ሰከንድ መታገስስ? ሲያልቅ ፊልተሩን መመለስም አለ፤ ከተረሳ ደረቁ አየር አክታውን አድርቆ ቱቦውን ይደፍነዋል።

ኔቡላይዘር ይሻላል የምትሉም አትኩራሩ። ከግድግዳው በደቂቃ 6 ወይም 8 ሊትር ኦክስጅን ሰርኪዩቱ ውስጥ ስትለቁ፣ ማሽኑ ላይ ከሞላችሁት በላይ አየር ሳንባ ሊገባ ይችላል። ትንፋሹ የደከመ በሽተኛ ደግሞ ማሽኑን መቀስቀስ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ከፍታችሁ አትሂዱ፤ ስክሪኑን እያያችሁ ቁሙ።

«ተሰጥቷል» ከማለታችሁ በፊት ደረቱን አዳምጡ። ፒክ ፕሬዠሩን ከመስጠታችሁ በፊትም በኋላም መዝግቡ። ለውጥ ከሌለ ዶዝ ለመጨመር አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ መድኃኒቱ የሄደበትን መንገድ ጠርጥሩ። ሳንባ ያልደረሰ መድኃኒት አልተሰጠም። ቻርቱ የፈለገውን ይበል።

ዛሬ ማታ ዱቲ ያላችሁ፣ እስቲ አልጋው ጋ ሄዳችሁ ፊልተሩ የት እንዳለ፣ የምትነፉትም በየት በኩል እንደሆነ እዩ። ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የሰው ስም አትጥሩ፤ ማፈሩን እኔ ጀምሬዋለሁ፣ አብረን እናፍራለን።